ወጀቡ ሲመጣ ሳይሆን ሲሄድ፦ በእስራኤል የክረምት ባሕር ላይ ለሰርፊንግና ለዊንድሰርፊንግ እንዴት እንደሚወጣ

ኔታንያ ላይ ዝናቡ መስኮት መደብደብ ሲጀምር ስልኬ ዕረፍት ያጣል። ታናናሾቼና ጓደኞቻቸው "ነገ ባሕር እንወርዳለን?" ብለው ይጽፉልኛል። መልሴ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ነገ አይደለም፤ ከነገ ወዲያ።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወጀብ መጣ ሲባል ሰሌዳውን ይዞ ይሮጣል። የሚያገኘው ግን የደፈረሰ ውሃ፣ ከየአቅጣጫው የሚደበድብ አረፋና ቆሞ የማያስኬድ ነፋስ ነው። ደስ የሚለው ሞገድ ወጀቡ ጥሎት የሚሄደው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሁሉ በላይ ስለ ቀን አመራረጥ ነው። ዕቃውና ቦታው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ሰርፊንግ ስል በሰሌዳ ሞገድ መጋለብን ነው፤ ዊንድሰርፊንግ ደግሞ ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ በነፋስ መሄድ ነው።

ክረምት ስል የአገር ቤቱን ሐምሌና ነሐሴ ማለቴ አይደለም። እዚህ ዝናብ የሚጥልበትን፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለውን ጊዜ ነው። የጻፍኩትም ጥሩ ዋና ለሚችልና ቢያንስ አንድ ኮርስ ለወሰደ ሰው ነው። ያልወሰዳችሁ እስከ በጋ ታገሡ። በበጋ ውሃው ይሞቃል፣ ነፍስ አዳኞቹም ማማቸው ላይ ናቸው። በክረምት ግን አብዛኛው ሆፍ (የባሕር ዳር መዋኛ) ጠባቂ የለውም።

1. መጀመሪያ ወጀቡን እወቁት

ክረምታችንን በአብዛኛው የሚያመጣው የቆጵሮስ ዝቅታ የሚባለው ነው። ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር የበጋ ሙቀቱን ገና ካልጨረሰ ባሕር ጋር ይገናኛል። ያኔ በቆጵሮስ አካባቢ የአየር ግፊቱ ይወርዳል፣ ነፋሱም ያንን ቦታ መዞር ይጀምራል። የሚዞረው የሰዓት ቆጣሪ ከሚሄድበት በተቃራኒ ነው። ይህቺን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረውን ዳር ላይ ቆማችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ዝቅታው ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ ሲያልፍ ነፋሱ በፊታችን አቅጣጫውን ይቀያይራልና።

ከመምጣቱ በፊት ነፋሱ ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ነው። አየሩ ደረቅ ይሆናል፣ አንዳንዴም ሞቃትና አቧራማ። ባሕሩ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው። ብዙ ሰው በዚህ ቀን ወጥቶ "የታለ ወጀቡ?" ይላል።

ቀጥሎ ነፋሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዞራል። ይህ መዞር ድንገተኛ ሊሆን ይችላል። ሰማዩ ይጠቁራል፣ መብረቅ ይጀምራል፣ ባሕሩ በሰዓታት ውስጥ ይነሣል። ውሃው ዳርቻውን ይዞ ወደ ሰሜን ይጋልባል። በዚህ ሰዓት ቦታችሁ ቤት ነው። ልምድ ላላቸውም ለጀማሪዎችም ይህን እላለሁ።

ከዚያ ነፋሱ ወደ ምዕራብ፣ በኋላም ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሸጋገራል። ዝናቡ ይቆራረጣል፤ በየመሃሉ ፀሐይ ብልጭ ትላለች። ነፋሱ ግን ገና ብርቱ ነው። ልምድ ያላቸው ዊንድሰርፈሮች የሚጠብቁት ይህን ሰዓት ነው።

በመጨረሻ ዝቅታው ወደ ሶርያ በኩል ይሄዳል። ነፋሱ ይሞታል። ሌሊት ላይ የብሱ ስለሚቀዘቅዝ በማለዳ ከምሥራቅ ቀስ ያለ ነፋስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ይህ ነፋስ የሞገዱን ፊት ያለሰልሰዋል። ለሰርፈር ከዚህ የተሻለ ጠዋት የለም። እኔ "ከነገ ወዲያ" የምለው ይህን ጠዋት ነው።

ሞገዱ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ የባሕር ዳራችን ቀጥ ያለና ወደ ምዕራብ የዞረ ነው። ወደ ሲሲሊ አቅጣጫ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ክፍት ውሃ አለ። ነፋስ በዚያ ሁሉ ውሃ ላይ ሲሮጥ የሰበሰበው ጉልበት የሚያርፈው ኔታንያና አሽቀሎን ላይ ነው። ማዕበሉና ነፋሱ ባለፈ ማግስት ሞገድ የሚኖረንም ለዚህ ነው። ነፋሱ ቢቆምም ሩቅ ላይ የተነሣው ሞገድ ገና መንገድ ላይ ነው።

2. ትንበያውን አራት ቁጥር ይዛችሁ አንብቡ

ዊንድጉሩ ወይም ዊንዲ የሚባለውን የትንበያ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። የእስራኤል የሜትዎሮሎጂ አገልግሎት የሚያወጣውን የባሕር ትንበያም አብራችሁ እዩ። የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፤ የነፋሱ ፍጥነት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የሞገዱ ቁመት፣ በሁለት ሞገድ መካከል ያለው ሰከንድ።

ቁመቱ ብዙ ሰው ያታልላል። ትንበያው 2 ሜትር ሲል ሁሉም ሞገድ 2 ሜትር ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ ከትልልቆቹ የአንድ ሦስተኛው አማካይ ነው። አልፎ አልፎ እጥፉን የሚጠጋ ይመጣል። ስለዚህ 2 ሜትር ሲባል 3 ሜትር ተኩሉን ለመቀበል ዝግጁ ናችሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ሰከንዱን ደግሞ ጀማሪ አያየውም፤ እኔ ግን ከቁመቱ በፊት የማየው እሱን ነው። በ5 ሰከንድ የሚመጣ ሞገድ የተዝረከረከ ነው። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ራሳችሁ ላይ ነው። በ8 ወይም በ9 ሰከንድ የሚመጣው የተሰለፈ፣ ጉልበት ያለው፣ ለመቅዘፍም ለመተንፈስም ጊዜ የሚሰጥ ነው። በእኛ ባሕር ውስጥ 9 ሰከንድ ካያችሁ ማንቂያ ደውላችሁ ተኙ። ቁመቱ 1 ሜትር ብቻ ቢሆንም ውረዱ።

ነፋሱ የሚጻፈው በኖት ነው። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ጋ አንድ ሕግ በደንብ ያዙ። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሸራችሁን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። 10 ኖት ላይ በአንድ እጁ ሸራውን የያዘ ልጅ 20 ኖት ላይ "ትንሽ ይጠነክራል" ብሎ ከወጣ ሸራው ነቅሎ ይወስደዋል። ከዋናው ፍጥነት ጎን የሚጻፈውን የንፍሻውን፣ ማለትም ድንገት በርትቶ የሚመጣውን ነፋስ፣ ቁጥርም እዩ። 18 ኖት ሆኖ ንፍሻው 22 ከሆነ ሰላም ነው። 18 ሆኖ ንፍሻው 32 ከሆነ ውሃው ላይ የሚጠብቃችሁ ትግል ነው።

አንድ ትንበያ ብቻ አትመኑ። ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካ የትንበያ ሞዴል በየ6 ሰዓቱ ይታደሳል፤ የአውሮፓው ሞዴልም አለ። ሁለቱ ከተስማሙ ዕቅድ አውጡ። ከተለያዩ ጠብቁ። ሳምንት ሲቀረው ዝም ብላችሁ ተከታተሉ። ሦስት ቀን ሲቀረው ከሥራ ፈቃድ ጠይቁ፣ መኪና ያለውን ጓደኛም አነጋግሩ። ዋዜማው ማታ ዕቃ አዘጋጁ። ውሳኔው ግን የሚሰጠው ጠዋት፣ ባሕሩን በዓይን አይታችሁ ነው።

ጥሩው ቀን ሸባት (ቅዳሜ ሰንበት) ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያኔ ከዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ባቡርም አብዛኛው አውቶቡስም የለም። መኪና የሌላችሁ እስከ ሐሙስ ድረስ ተነጋገሩ። እኔ ቤት ግን ሰንበት ሰንበት ነው፤ የፈለገው ሞገድ ቢመጣ አልወርድም። እሑድ ጠዋት የሚተርፈኝ ይበቃኛል።

3. የየራሳችሁን ቀን ምረጡ

ሰርፈርና ዊንድሰርፈር አንድ ወጀብ ይጋራሉ እንጂ አንድ ቀን አይጋሩም።

ሰርፊንግ ለጀመሩ ከ0.5 እስከ 1 ሜትር፣ ነፋሱ ከ8 ኖት በታች የሆነ ቀን ጥሩ ነው። ይህ ወጀቡ ካለፈ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ይገኛል። ለለመዱ 1.5 ሜትር፣ ማለዳ፣ ቀላል የምሥራቅ ነፋስ። በሰው ወሬ ከአቅማችሁ በላይ ወደሆነ ሞገድ አትሂዱ። የትናንቱ 1.5 ሜትር የነገውን 2.5 አያስፈቅድም።

ዊንድሰርፊንግ ለጀመሩ ከ8 እስከ 12 ኖት ይበቃል፤ ያም በክረምት ወጀብ ሳይሆን በበጋ ከሰዓት የባሕር ነፋስ ነው የሚገኘው። በሰሌዳው ላይ ተንሳፍፈው መብረር ለቻሉ ከ15 እስከ 22 ኖት፣ ከምዕራብ ወይም ከሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ዳር የሚገፋ ነፋስ። ይህ ነፋስ ዕቃችሁ ቢሰበር ወደ አሸዋው ይመልሳችኋል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስ ግን ሸራ ለያዘ ሰው ጠላት ነው። ዳር ላይ ስትቆሙ ቀዝቀዝ ያለ፣ የዋህ ይመስላል። 300 ሜትር ገብታችሁ ዘወር ስትሉ ነፋሱ በርትቷል፣ ባሕር ዳሩም ርቋል። ለሰርፈር በረከት የሆነው ጠዋት ለዊንድሰርፈር የማይወጣበት ጠዋት ነው የምለው ለዚህ ነው።

መብረቅ ካለ ማንም አይወጣም። የካርቦን ምሰሶ ይዞ ጠፍጣፋ ውሃ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ውጡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለሱ።

4. ቦታ

ለሰርፊንግ ኔታንያ ላይ ኮንቲኪ፣ ቴል አቪቭ ላይ ሒልተን የሚባሉት ሆፎች የታወቁ ናቸው። ለሸራ ሃይፋ ባት ጋሊምና ቂሳርያ አጠገብ ያለው ስዶት ያም። ጋል በዕብራይስጥ ሞገድ ነው፤ ባት ጋሊምም የሞገዶች ልጅ እንደማለት ነው። በ2004 አቴንስ ላይ ለእስራኤል የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣው ዊንድሰርፈር ስሙ ጋል ፍሪድማን ነው። በ2024ም ቶም ረውቬኒ በዚሁ ስፖርት ወርቅ አመጣ። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል፣ እኔም ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ባሕሩ ከአቅም በላይ ሲሆን ወደ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ የሚገቡ አሉ። ቀርሜሎስ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን ያስታግሳል። በቀይ ባሕር ያለችው ኤላት ደግሞ እንዲህ ያለ ወጀብ ብዙም አያገኛትም፣ ውሃዋም በክረምት ከሜዲትራኒያን ይሞቃል። ነፋሷ ግን በአብዛኛው ከሰሜን፣ ማለትም ከየብስ ወደ ባሕር ስለሆነ አዳኝ ጀልባ ካለው ክለብ ጋር ካልሆነ ለብቻ አትውጡ።

የወንዝ አፍ ካለበት ራቁ። ዝናብ በጣለ ማግስት ያርቆን፣ ፖሌግ፣ አሌክሳንደርና ላኪሽ የከተማውንና የእርሻውን እድፍ ሁሉ ወደ ባሕር ያወጣሉ። ውሃው ቡናማ ከሆነ አትግቡ። ከወንዝ አፍ አጠገብ ሦስት ቀን መጠበቅ ጥሩ ነው። ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ ይተወው።

የኔታንያንና የአሽቀሎንን ገደል ሥር ዕቃ አታስቀምጡ፣ ልብስም አትቀይሩ። ኩርካር የሚባለው ድንጋይ ዝናብ ሲጠግብ ይናዳል። በዲሴምበር 2010 በመጣው ወጀብ ሞገዱ ከ10 ሜትር በላይ ሆኖ ነበር። አሽቀሎን ላይ ገደሉ ተንዶ ከውስጡ የሮማውያን ዘመን የእብነ በረድ ሐውልት ወጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን አፈር ውስጥ የኖረ ነገር በአንድ ወጀብ ወደ ባሕር ወደቀ። ያን የሚያህል ሲመጣ ከሩቅ ሆኖ ማየት ነው።

5. ዕቃ

በፌብሩዋሪ ውሃው ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል። 3/2 ሚሊ ሜትር ዌትሱት (ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚጠብቅ የላስቲክ ልብስ፤ ቁጥሩ ውፍረቱ ነው) ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቶሎ የሚበርዳችሁ 4/3 ግዙ። ሰውን የሚያቀዘቅዘው ውሃው ብቻ ሳይሆን እርጥብ ገላ ላይ የሚነፍሰው ነፋስም ነው።

ለሰርፊንግ የእግር ገመዱን ከመግባታችሁ በፊት ስቡት፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ለውጡ። ክረምት ላይ ሰሌዳውን ማጣት ማለት ተንሳፋፊ ማጣት ነው። ለሸራ 75 ኪሎ ገደማ ለሆነ ሰው በ15 ኖት 6 ካሬ ሜትር፣ በ20 ኖት 5፣ በ25 ኖት 4.5 አካባቢ። ከሁለት መጠን መምረጥ ከከበዳችሁ ትንሹን አስሩ። ለሸራ የሚሆን ተንሳፋፊ ጃኬትም ልበሱ።

ስንቅ ላይ ምክር አለኝ። ቴርሞስ ውስጥ ዝንጅብል ያለው ሻይ፣ ከእሱ ጋር ጭኮ ወይም ዳቦ ቆሎ። በሶም ከሆነ ከማር ጋር። ከውሃ ሲወጣ የሚንቀጠቀጥ ልጅን ከዚህ የተሻለ የሚያነቃው ነገር አላገኘሁም። እናቴ ባሕር መውረዴን አትወደውም፤ ጭኮውን ግን ሳትለምን ቋጥራ ትሰጠኛለች።

6. ዳር ላይ 20 ደቂቃ ቁሙ

ይህን እርምጃ የሚዘል ብዙ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት። ልብስ ሳትቀይሩ ቁሙና ተመልከቱ።

ትልልቆቹ ሞገዶች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ከዚያ ፋታ ይኖራል። ፋታው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ቁጠሩ፤ የምትገቡት በእሱ ነው። ከዚያ የሚጎትተውን ጅረት ፈልጉ። ሞገዱ ዳር ያመጣው ውሃ መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። ሞገዱ ከሚሰበርባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል አንድ ጸጥ ያለ፣ አረፋ የሌለው፣ ጠቆር ያለ መስመር ካያችሁ እሱ ነው። በድንጋይ መከላከያዎቹ ጥግም ይበረታል። ልጅና አዲስ ሰው ግን "እዚህ ረጋ ብሏል" ብሎ የሚገባው እዚያ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት የሚሆነው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ወጀብ የባሕሩን ወለል ስለሚቀይረው ባለፈው ሳምንት ያያችሁት ጅረት ቦታው ላይ ላይኖር ይችላል።

አገር የሚያውቅ ሰርፈር ካለ ሰላም ብላችሁ ጠይቁ። ባንዲራ ካለም እዩ። ነጭ ሰላም ነው፣ ቀይ አደገኛ፣ ጥቁር ክልክል።

ብቻችሁን አትግቡ። ዳር ላይ ስልክ የያዘ አንድ ሰው ይኑር። አምቡላንስ 101፣ ፖሊስ 100 ነው። የሚጠብቃችሁ ሰው ዕብራይስጥ የማይቀናው ከሆነ የሆፉንና የከተማውን ስም በትልቁ ጽፋችሁ ስጡት። እኔ ለአባቴ በአማርኛ ፊደል ጽፌ ኪሱ ውስጥ አደርግ ነበር፤ ቢደውል ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

መውጫ ሰዓታችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ። በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ብላ፣ በእዚህ አቆጣጠር 16:35 ገደማ ትጠልቃለች። ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡ።

7. ውሃ ውስጥ ችግር ሲመጣ

ጅረቱ ከወሰዳችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ሰሌዳው ላይ ተኙ፣ ትንፋሽ ሰብስቡ፣ ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ቅዘፉ። መሳቡ ሲላላ ሞገዱ ወደሚሰበርበት ዞር በሉ፤ አረፋው ራሱ ወደ ዳር ይገፋችኋል።

ሸራው ወይም ምሰሶው ቢሰበር ሰሌዳውን በፍጹም አትልቀቁ። ሸራውን ፈትታችሁ መጣል ካስፈለገ ጣሉት። ገንዘቡ ይመለሳል። ሰሌዳው ላይ ተቀምጣችሁ ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ደጋግማችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አድርጉ። ይህ በየትኛውም ባሕር ላይ "እርዱኝ" ማለት ነው።

ጣቶቻችሁ ገመድ መፍታት ካቃታቸው ወይም መንቀጥቀጡ አልቆም ካለ ጊዜው አልቋል። አንድ የመጨረሻ ሞገድ አትፈልጉ፤ ውጡ።

8. ከወጣችሁ በኋላ

ደረቅ ልብስ መጀመሪያ፣ ፎቶ በኋላ። ኮፍያ አድርጉ።

ከወጀብ በኋላ አሸዋው ላይ ሬንጅ ሊኖር ይችላል። በፌብሩዋሪ 2021 ከባሕር የመጣ ሬንጅ አብዛኛውን የባሕር ዳራችንን አበላሽቶ ነበር። እግርም ሆነ ሰሌዳ ላይ ከያዘ በምግብ ዘይት ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ከዚያ በሳሙና እጠቡት። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ቆዳውንም ሰሌዳውንም ይጎዳል።

ከዚያ ደብተር አውጡ። ትንበያው ምን አለ፣ እናንተ ምን አያችሁ፣ በስንት ሰዓት ነፋሱ ዞረ። አንድ መስመር ይበቃል። አንድ ክረምት ከጻፋችሁ በሚቀጥለው ትንበያው ስለ እናንተ ሆፍ የት ላይ እንደሚሳሳት ታውቃላችሁ። የእኔ ደብተር ለምሳሌ ኔታንያ ላይ የጠዋቱ የምሥራቅ ነፋስ ስልኩ ከሚለው ቀድሞ እንደሚሞት ይነግረኛል። ስለዚህ ገና ጎህ ሳይቀድ ከቤት እወጣለሁ።

ዌትሱቱን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። ዚፑን ክፍት ተዉት፤ ተዘግቶ ከደረቀ ጨው ይይዘዋል።